እንደ ማኅተም የሚጠበቅ ቁልፍ፦ የትእዛዝ መስመር የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ማንነታችንን የሚያረጋግጥበት መንገድ

ለአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ከንብረቶቹ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ዕቃ ነው። ይህም የሆነው ጎማው ወይም ብረቱ ውድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ቃል ሆኖ ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህም ማኅተም ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ያዡ በስም ይታወቃል፤ ኃላፊ ሲለወጥ በርክክብ ይተላለፋል፤ የጠፋ እንደሆነም ከእንግዲህ ዋጋ የሌለው መሆኑ በአደባባይ ይነገራል።

በአሁኑ ወቅት ወደ ልማት መሥሪያ ቤቶች ሌላ ዓይነት ማኅተም በመግባት ላይ ይገኛል። ይኸውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎትን በኮምፒዩተር ለማዘዝ የሚያስችለው ምሥጢራዊ ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ በአንድ መስመር የተደረደሩ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ በዓይን ሲታይ ዋጋ ያለው አይመስልም። ነገር ግን የያዘው ሰው ሁሉ በቁልፉ ባለቤት ስም ይጠይቃል፤ ሒሳቡም በባለቤቱ ላይ ይመዘገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው ማንነታችንን በምን መንገድ እንደሚያረጋግጥ፣ ከመንገዶቹ አንዱን መምረጥ ምን እንደሚያስከትልና ቁልፉ እንዴት እንደሚጠበቅ ለአንባብያን ማስረዳት ነው።

የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የምናውቀው በኢንተርኔት ገጽ ላይ ጥያቄ ጽፈን መልስ በመቀበል ነው። የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ግን ተርሚናል በሚባለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት የኮምፒዩተር መስኮት ውስጥ የሚሠራ ነው። ዋናው ልዩነት ከመልኩ ይልቅ በሥልጣኑ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ በተከፈተበት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ያነባል፤ ተጠቃሚው ሲፈቅድለትም ይጽፋል፣ ያስተካክላል፣ ሌሎች ትእዛዛትንም ያስፈጽማል። ለምሳሌ አንድ የመረጃ ሠራተኛ ከተለያዩ ወረዳዎች የመጡ ወርኃዊ ሪፖርቶችን በአንድ ፎልደር ሰብስቦ፣ ድምሮቹ መስማማታቸውን እንዲያጣራለትና በአንድ ሠንጠረዥ እንዲያጠቃልልለት ሊያዝዘው ይችላል።

ለማብራሪያ ያህል ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2025 ያወጣውን ጀሚናይ ሲ.ኤል.አይ የተባለ መሣሪያ እንውሰድ። የአንትሮፒክ ኩባንያ ክሎድ ኮድም ሆነ የኦፕን ኤ.አይ ኩባንያ ኮዴክስ በዝርዝር ቢለያዩም፣ በግል መለያ ወይም በቁልፍ የሚከፈቱ በመሆናቸው ስለ አንዱ የተባለው ሌሎቹን ለመረዳትም ይጠቅማል።

ማንነትን ማረጋገጥ ለምን አስፈለገ?

መሣሪያው በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ቢጫንም፣ መልሱን የሚያመነጨው ሞዴል የሚገኘው በኩባንያው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው። ስለዚህ የምንጽፈው እያንዳንዱ ጥያቄ፣ ከእርሱም ጋር መሣሪያው ከፋይሎቻችን ያነበበው ክፍል፣ በኢንተርኔት ተጉዞ ወደዚያ ይደርሳል። በዚያ ያለው ኮምፒዩተር መልስ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ያጣራል። የመጀመሪያው «ይህን የላከው ማን ነው?» የሚል ሲሆን ማንነትን ማረጋገጥ ይባላል። ሁለተኛው «ላኪው ይህን ለማድረግ ተፈቅዶለታልን?» የሚል ሲሆን ፈቃድን ማረጋገጥ ይባላል። የመሥሪያ ቤት ዘበኛ የመታወቂያ ወረቀት ማየቱ የፊተኛው፣ ወደ ገንዘብ ክፍል ለመግባት የሚችሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር መመልከቱ ደግሞ የኋለኛው ምሳሌ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ሊታወቅ ይገባል። ማንነትን ማረጋገጥ የሚጠብቀው የኩባንያውን በር እንጂ የእኛን ፎልደር አይደለም። መሣሪያው በኮምፒዩተራችን ላይ የሚንቀሳቀሰው በከፈተው ሰው ሥልጣን ስለሆነ፣ የተረጂዎች ስም ዝርዝር በተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ ከተከፈተ ዝርዝሩን ሊያነብ ይችላል። ስለሆነም ለሥራው የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ብቻ በልዩ ፎልደር አስቀምጦ መሣሪያውን በዚያ መክፈት፣ ከማናቸውም የቁልፍ ዝግጅት በፊት መቅደም ያለበት ልማድ ነው።

ሦስቱ በሮች

ጀሚናይ ሲ.ኤል.አይ እንዲሠራ አስቀድሞ ኖድ ጄ.ኤስ የተባለው መርሐ ግብር፣ እትሙም 20 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው፣ በኮምፒዩተሩ ላይ መጫን አለበት። መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት በየትኛው መንገድ ለመግባት እንደምንፈልግ ይጠይቃል። ምርጫዎቹ በመሠረቱ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በጉግል መለያ መግባት ነው። ይህን የመረጠ ሰው መሣሪያው የኢንተርኔት ማሰሻውን ራሱ ይከፍትለታል፤ ሰውየው በማሰሻው ላይ መለያውን አረጋግጦ ይፈቅዳል፤ ከዚያም ማሰሻው ቶከን የሚባለው የይለፍ ምልክት የሚገኝበትን ማረጋገጫ ለመሣሪያው ያቀብለዋል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የይለፍ ቃሉ ለመሣሪያው ፈጽሞ አለመሰጠቱ ነው። ይህ አሠራር ኦውዝ ይባላል፤ አሁን የሚሠራበት ሁለተኛው ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2012 ታትሟል። ከዚህ ዓይነቱ ሥርዓት በፊት አንድ መርሐ ግብር በእኛ ስም እንዲሠራ ከፈለግን የይለፍ ቃላችንን አሳልፈን መስጠት ነበረብን። ቶከን ግን ወሰን ያለው ውክልና ነው። ጉግል ለሥራ የሚሰጠው ቶከን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልፍ ሌላ የማደሻ ቶከን አዲሱን ያመጣል።

ሁለተኛው በኤ.ፒ.አይ ቁልፍ መግባት ነው። ተጠቃሚው ጉግል ኤ.አይ ስቱዲዮ በተባለው ገጽ ቁልፍ አውጥቶ፣ መሣሪያው በሚያውቀው ስም በኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ማሰሻ መክፈት አያስፈልግም። በዚህ የተነሣ ይህ መንገድ ማሰሻ ለሌላቸው ሰርቨሮችና በሌሊት ያለ ሰው ለሚከናወኑ ሥራዎች ይመቻል። ምቾቱ ግን አደጋውን ይዞ ይመጣል፤ ቁልፉ እስኪሰረዝ ድረስ ሊያገለግል የሚችል ሲሆን፣ ያቀረበው ሰው ማን እንደሆነም አይጠየቅበትም።

ሦስተኛው ቨርቴክስ ኤ.አይ በተባለው የጉግል ክላውድ አገልግሎት በኩል መግባት ነው። ይህ መንገድ ለድርጅቶች የታሰበ ነው። መሥሪያ ቤቱ በስሙ ፕሮጀክት ይከፍታል፤ ክፍያውን ያያይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ መለያ ፈቃድ ይሰጣል። መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፕሮጀክቱን መለያ ስምና አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ክልል ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሰው ለማይኖርበት ሥራ የአገልግሎት መለያ የሚባል፣ የማንም ግለሰብ ያልሆነ መታወቂያ ሊወጣ ይችላል። አዘገጃጀቱ ከሦስቱ ሁሉ ረጅም ቢሆንም፣ ማን መቼ እንደገባ ለማወቅና አንዱን ሠራተኛ ብቻ ለይቶ ለማገድ የሚያስችል ነው።

በሩ ውሉን ይወስናል

ብዙ ሰዎች ከሦስቱ መንገዶች አንዱን የሚመርጡት በፍጥነቱ ነው። ሁሉም በመጨረሻ ወደ አንድ መስኮት ስለሚያደርሱ ልዩነት የላቸውም ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን በየትኛው በር እንደገባን ሦስት ነገሮችን ይወስናል፦ በማን ስም እንደምንሠራ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የላክነው መረጃ በየትኛው ውል እንደሚተዳደር።

መሣሪያው ሲወጣ በግል የጉግል መለያ ለገባ ሰው በደቂቃ እስከ 60፣ በቀን እስከ 1,000 ጥያቄ ያለ ክፍያ ተፈቅዶ ነበር። በነጻ በሚሰጠው የግለሰብ አገልግሎት ግን ተጠቃሚው ይህን የሚከለክል ምርጫ ካላደረገ በቀር፣ የጻፈው ጥያቄና ያገኘው መልስ ኩባንያው ምርቶቹን ለማሻሻል ሊጠቀምበት፣ ለዚሁ የተመደቡ ሰዎችም ሊያነቡት እንደሚችሉ በውሉ ላይ ተጽፏል። ክፍያ ያልተያያዘበት የኤ.ፒ.አይ ቁልፍም ተመሳሳይ ውል ያለው ሲሆን፣ ምሥጢራዊ መረጃ እንዳይላክበት ኩባንያው ራሱ ያሳስባል። በአንጻሩ ክፍያ በተያያዘበት ቁልፍና በቨርቴክስ በኩል የሚላከው መረጃ ለምርት ማሻሻያ እንደማይውል በውል ተገልጧል።

እንግዲህ አንድ ሠራተኛ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ልየታ ውጤት ለማጠቃለል በግል መለያው ቢገባ፣ ሥራው በደቂቃዎች ሊጠናቀቅለት ይችላል። ነገር ግን የሕፃናቱ ስም፣ ዕድሜና የጤና ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ ባልፈረመው ውል ከእጁ ወጥቷል። እናቶች ያንን መረጃ የሰጡት ለልጆቻቸው እርዳታ እንዲገኝ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አልነበረም። በሀገራችን የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ የመረጃ ዓይነቶች የሚመድብ ሲሆን፣ የግል መረጃ ወደ ውጭ ሀገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ደንግጓል። ስለዚህ የመግቢያ መንገድ ምርጫ ለአንድ ባለሙያ ብቻ የሚተው ቴክኒካዊ ጉዳይ ሳይሆን፣ የመሥሪያ ቤቱ አመራር ሊወስንበት የሚገባ ነገር ነው። በተከፈለበት አገልግሎት ቢሆንም እንኳ የተረጂዎችን ስምና ስልክ በመለያ ቁጥር ተክቶ መላክ የተሻለ ነው።

ቁልፉ የት ይቀመጥ?

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው፣ ቁልፎች በአብዛኛው ወደ ሌላ እጅ የሚገቡት በአያያዝ ጉድለት ነው።

አንደኛ፣ ቁልፍን በተርሚናሉ ላይ በትእዛዝ መልክ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ተርሚናል ቀደም ሲል የተጻፉትን ትእዛዛት በታሪክ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ በዚያ ኮምፒዩተር የሚቀመጥ ሌላ ሰው የላይኛውን ቀስት ደጋግሞ በመጫን ብቻ ቁልፉን ሊያገኘው ይችላል። ከዚህ ይልቅ ጀሚናይ ሲ.ኤል.አይ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ በሚፈጥረው ስውር ፎልደር፣ ለዚሁ በተዘጋጀ የቅንብር ፋይል ላይ ማኖር ይቻላል። በጉግል መለያ የገባ ሰው ማረጋገጫም የሚቀመጠው በዚሁ ስውር ፎልደር ስለሆነ፣ ፎልደሩን ለሥራ ባልደረባ መገልበጥ መታወቂያን አሳልፎ ከመስጠት አይለይም።

ሁለተኛ፣ ፋይሉ ለባለቤቱ ብቻ የሚነበብ መሆን አለበት። በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች የፋይል ፈቃድ በሦስት አኃዞች ይገለጻል፤ የመጀመሪያው ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሁሉ ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2 ተብሎ ስለሚቆጠር፣ 600 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ሌላ ማንም ግን ምንም አያደርግም ማለት ነው። ለቁልፍ የሚገባው ፈቃድ ይህ ነው። በዊንዶውስ ደግሞ በአንድ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የተጠቃሚ መለያና የይለፍ ቃል ሊኖራቸው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ቁልፍ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ቡድን ወይም በስክሪን ፎቶ አይላክም። አራተኛ፣ ከፕሮግራም ጽሑፍ ጋር በአንድነት አይቀመጥም። ለዚህም የቶዮታ ኩባንያ የገጠመው ነገር በቂ ትምህርት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2022 እንዳስታወቀው፣ ለአንድ አገልግሎቱ የተጻፈ የፕሮግራም ክፍል ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማኖሪያ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ በውስጡ የደንበኞች መረጃ የሚገኝበትን ሰርቨር የሚከፍት ቁልፍ ነበረበት። ቁልፉ ከታኅሣሥ 2017 እስከ መስከረም 2022 በዚያ ሲቀመጥ፣ የ296,019 ደንበኞች የኢሜይል አድራሻ ለአደጋ ተጋልጦ ቆይቷል። ለአምስት ዓመት ያህል ያላስተዋለው አልነበረም ብሎ ማረጋገጥ ለማንም ይከብዳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ፋይሉን ማጥፋት ብቻውን አያድንም፤ የኮድ ማኖሪያዎች የቀድሞ እትሞችን ሁሉ ስለሚያስቀምጡ መፍትሔው ቁልፉን ወዲያውኑ መሰረዝ ነው።

መሣሪያው አልቀበልም ሲል

መግባት ሲያቅት የሚታየው ቁጥር የችግሩን ምንጭ ያመለክታል። 401 «ማን እንደሆንህ አላወቅሁም» ማለት ሲሆን፣ የቶከኑ ጊዜ ሲያልፍ ወይም ማረጋገጫው ሳይቀርብ ሲቀር ይመጣል። 403 «ማንነትህን አውቄያለሁ፣ ነገር ግን ለዚህ አልተፈቀደልህም» ማለት ነው፤ ለመሥሪያ ቤት መለያ የፕሮጀክቱ ስም ሳይገለጽ ሲቀር ወይም በፕሮጀክቱ ላይ አገልግሎቱ ሳይፈቀድ ሲቀር ሊታይ ይችላል። 429 ደግሞ «ከተመደበልህ መጠን አልፈሃል» ማለት ስለሆነ ቁልፍ መለወጥ ሳይሆን መጠበቅ ወይም ኮታን ማስጨመር ይገባል።

ሁለት የተሰወሩ ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው ቀድሞ የተቀመጠ አሮጌ ቁልፍ ነው። በቨርቴክስ በኩል በግል መለያ ለመግባት የሚፈልግ ሰው፣ ከዚህ በፊት ያስቀመጠውን የኤ.ፒ.አይ ቁልፍ ካላነሣ አዲሱ መንገድ ላይሠራለት ይችላል። ሁለተኛው የኮምፒዩተሩ ሰዓት ነው። በአንዳንድ ቢሮዎች ሰዓቱ ከግድግዳው ሰዓት ጋር እንዲስማማ ሲባል ኮምፒዩተሩ በሀገራችን አቆጣጠር ይሞላል፤ ጠዋት 9 ሰዓት ሊል የሚገባው 3 ሰዓት ይላል። በአገልግሎት መለያ ለመግባት የሚላከው ጥያቄ የተፈረመበትን ሰዓት ስለሚይዝና ዕድሜውም ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ፣ በስድስት ሰዓት የተዛባ ኮምፒዩተር ገና ሲጠይቅ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይቆጠራል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ደግሞ የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ሆኖ ስለሚታየው ማሰሻውም አይከፍትም። ስለዚህ ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ብዙ ድካም ያድናል።

ርክክብ፣ ገደብና ስረዛ

ማኅተም የሚጠበቅበት ሥርዓት ለዚህም ቁልፍ ይሠራል። እያንዳንዱ ቁልፍ ለምን ሥራ እንደወጣ፣ በማን እጅ እንደሚገኝና መቼ እንደወጣ በመዝገብ ይጻፍ። ቁልፉ ራሱ ግን በመዝገቡ ላይ አይጻፍም። ለአንድ ሥራ አንድ ቁልፍ ይውጣ፤ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ሥራ ከዋለ ሲጋለጥ ሁሉንም ሥራ በአንድ ቀን ያስቆማል። ቁልፉ የሚፈለገውን አገልግሎት ብቻ እንዲከፍት ገደብ ይደረግበት። የመለያው ባለቤትም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠቀም።

ስለ ክፍያ በጉግል ክላውድ ላይ የበጀት ጣሪያ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ እንዲላክ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ይህ ማስጠንቀቂያ በራሱ ወጪውን አያቆምም፤ የሚናገር እንጂ የሚከለክል አይደለም። በሳምንቱ መጨረሻ የተሰረቀ ቁልፍ እስከ ሰኞ ድረስ ለውኃ ጉድጓድ ወይም ለዘር መግዣ የተመደበን ገንዘብ ሊበላ ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያው ከአንድ በላይ ለሆኑ ኃላፊዎች እንዲደርስና የአጠቃቀም ኮታም ዝቅ ተደርጎ እንዲወሰን ያስፈልጋል።

አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ከኮምፒዩተሩና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ቁልፎቹም በርክክብ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ከኮምፒዩተሩ ላይ ፋይሉን ማጥፋትና ቁልፉን መሰረዝ ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው አይዘንጋ። ፋይሉ ቢጠፋም ቀድሞ የተገለበጠ ቅጂ ካለ ይሠራል፤ ቁልፉ ከወጣበት ገጽ ላይ ሲሰረዝ ግን ቅጂው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞታል። በጉግል መለያ ለተሰጠ ፈቃድም እንዲሁ፣ በመለያው የደኅንነት ገጽ ላይ ግንኙነት ያላቸው መርሐ ግብሮች ከተዘረዘሩበት ቦታ ፈቃዱን ማንሣት ያስፈልጋል።

በጠቅላላው ሲታይ ይህ መሣሪያ ሪፖርት ሲያዘጋጁ ለሚያመሹ ባለሙያዎች እውነተኛ እፎይታ ሊሰጥ የሚችል በመሆኑ መፍራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከመክፈት በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው፦ የምንገባው በማን ስም ነው? የምንልከው መረጃ በየትኛው ውል ይጠበቃል? ቁልፉ ዛሬ ቢጠፋ ማን፣ ከየት ገጽ ላይ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ይሰርዘዋል? የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ፣ ስማቸውን አምነው የሰጡ ቤተሰቦች መዝገብ በአስተማማኝ እጅ ላይ ይገኛል።